ይሻሽ የጠረገችው ነጭ ነገር

ይሻሽን ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ካሳነሽ ከሥሯ። ተጣልተን ታርቀናል፣ ታርቀን ደግሞ ተጣልተናል። ስለዚህ ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

በልጅነቷ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር የመጣች፣ ባሏን የፈታች፣ ዖሜር በሚባለው የሀብታሞች መንደር የሰው ቤት የምታጸዳ ሴት ናት። ከስምንት ዓመት በፊት አንዷ አሠሪዋ ቤት ስትቀይር አሮጌ ካሜራ ሰጠቻት። እኔማ ትሸጠዋለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ናሃሉ ውስጥ፣ ከከተማው ዳር ያለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ማለቴ ነው፣ በደረቷ ተኝታ ወፍና ቀበሮ ታነሳ ጀመር። "አንቺ ሴትዮ፣ እባብ ቢነድፍሽስ?" ስላት "እሱንም አነሳዋለኋ!" ትለኛለች። መልስ አታጣም።

ፎቶው ደግሞ እንደተነሳ አይቀርም። ልጄ ታሊያ ኮምፒውተር አስተማረቻት፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስቆማት ጠፋ። የእንስሳውን ጸጉር በኮምፒውተሩ ብሩሽ አንድ በአንድ ትሥለዋለች፣ ሰማዩን ታለሰልሰዋለች፣ ከኋላ ያለውን ድንጋይና ቁጥቋጦ ቀለም ብቻ እስኪሆን ታሟሟዋለች። ሸራ ላይ ታትሞ ስታዩት በእጅ የተሣለ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ለሃቪም የምትባለው ጎረቤት ከተማ ያለ አንድ ሐኪም የሷን የበረሃ ፍየል ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል።

ከሁሉ በላይ የምትጠላው ፌስታል ነው። ነፋስ ያመጣው ፌስታል ናሃሉ ውስጥ በየቁጥቋጦው ተሰክቶ ይውላል። እሷ ፎቶዋ ላይ ነጭ ነገር ካየች አትምርም፤ በብሩሹ እልም ታደርገዋለች። "ቀን የፈረንጅ ቤት ስትጠርጊ ውለሽ፣ አሁን ደግሞ በረሃውን ልትጠርጊ ነው?" እያልኩ አበሽቃታለሁ። ትስቃለች።

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ሻራብ ገባ። ከበረሃው የሚነሳው ያ ትኩስ አየር ማለት ነው፤ መስኮት ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚለበልበው። ጠዋት ስነሳ የአባቴ አልጋ ባዶ ነው። አባቴ፣ አባባ ጀምበሩ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ መርሳት ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። በሩ ገርበብ ብሏል። ከዘራቸው የለም። 

ሚሽታራ፣ ያው ፖሊስ፣ ጠራን። ፖሊሷ ምን ለብሰው እንደወጡ ስትጠይቀኝ "ግራጫ ጃኬት" አልኳት፤ ሁልጊዜ የሚለብሱት እሱን ነዋ! ግርግሩን ሰምታ ይሻሽ ወረደች። "ናሃሉ ጋ አትድከሙ" አለች። "ጎህ ሲቀድ እዚያ ነበርኩ። ከአንድ ቀበሮ በቀር ነፍስ ያለው ነገር አላየሁም።" ስልኳን አውጥታም ሠርታ የጨረሰችውን አሳየችን፦ እሳት የመሰለ ቀበሮ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ አፍጥጧል፣ ዙሪያው ወርቅና ወይን ጠጅ ብቻ ነው። ልዋሽ አልችልም፣ ውብ ነበር። ፖሊሷም "ያፌ!" ብላ አደነቀች። ከዚያ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ከተማው አዞርን፦ ገበያ፣ ምኩራብ፣ አውቶቡስ ጣቢያ። ይሻሽም አብራን ስትሮጥ አረፈደች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ፖሊሷ ደውላ "ልብሱን እስቲ እንደገና አረጋግጪ" ስትለኝ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ጃኬቱ ተሰቅሏል! ወንበራቸው ላይ የሚያድረው ጋቢ ነው የሌለው። ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮህኩ፦ "ጃኬት አይደለም! ነጭ ጋቢያቸውን ነው የለበሱት!"

ይሻሽ የውኃ ጠርሙስ ይዛ እየወጣች ነበር። ጠርሙሱ ከእጇ ወደቀ።

"ካሳነሽ" አለችኝ፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ። "ዛሬ ፌስታል ጠርጌአለሁ።"

"የምን ፌስታል? አሁን የፌስታል ጊዜ ነው?"

"ከቀበሮው ወዲያ። ነጭ ነገር ነበር። ፌስታል መስሎኝ..."

ሦስተኛ ፎቅ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። መጀመሪያ የተነሳውን ፎቶ ከፈተችው። ቀበሮው አለ፤ ከኋላው ጠጠርና ቁጥቋጦ፤ ቁጥቋጦው ሥር ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር። አጎላችው። ደግሞ አጎላችው። የጋቢው ጥለት ወጣ። ጉልበት ላይ የተቀመጡ ሁለት እጆች ወጡ። ከዚያ ፊት፤ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ የሚያይ የአባቴ ፊት።

ወይኔ!  ያ ቀበሮ አንገቱን አዙሮ ያፈጠጠው እሳቸው ላይ ነበር። አውሬ ያየውን ሰው እሷ አላየችም! በጋቢ ታዝላ ያደገች ሴት ጋቢን ከፌስታል ሳትለይ! "ሰው ጠረግሽ!" አልኳት። "አባቴን በገዛ እጅሽ ጠረግሽብኝ! ሙሉ ጠዋት በሌሉበት እንድንፈልጋቸው አደረግሽን!" እጄን አነሳሁባት፣ እውነቴን ነው። አልሸሸችም። "ምቺኝ፤ ግን እየሮጥን" አለች።

ታሊያ አምቡላንስ እየጠራች እኛ የወደቀውን ጠርሙስ አንስተን በረርን። ይሻሽ ቦታውን ስለምታውቀው ቀደመችኝ፤ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ በዚያ ረመጥ ላይ በባዶ እግሯ ነው የምትሮጠው። እኔ ከኋላ "ሬሳ ነው የማገኘው፣ ሬሳ ነው" እያልኩ ነው።

እዚያው ነበሩ። ያው ቁጥቋጦ ሥር፣ ያው አቀማመጥ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ከዘራው ከጎናቸው። ጥላው ከላያቸው ሄዷል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ግን ዓይናቸው ተርገበገበ። ይሻሽ ተንበርክካ ውኃ ልታጠጣቸው ስትል በዓይናቸው ብቻ ተመለከቷት፤ ጭንቅላታቸውን እንኳ አላዞሩም።

"ጨረስሽ ወይ፣ ልጄ?" አሏት።

"ምኑን፣ አባባ?"

"ፎቶውን። ያንን መሣሪያ ስታዞሪብኝ አይቼሻለሁ። ፎቶ የሚነሳ ሰው አይነቃነቅም አይደል? እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው። ቆየሽ እኮ።"

  አባቴ መልሷን ይጠብቃሉ፤ ጠርሙሱ ከንፈራቸው ሥር ሆኖ እንኳ አይጠጡም፣ ጣታቸውን አያንቀሳቅሱም። እኔ እጃቸውን ብስብ እንደ ድንጋይ ገተሩብኝ።

"አዎ፣ አባባ" አለች በመጨረሻ፣ እንባዋ ጋቢው ላይ እየተንጠባጠበ። "ጨርሻለሁ።"

ውኃውን የጠጡትም፣ እግራቸውን የዘረጉትም ያን ጊዜ ነው።