አይቀመጤና የጉጉቷ ልጆች

ባሌ ቁጭ ብሎ ቁርሱን ሲጨርስ አይቼ አላውቅም። ዳቦውን ይዞ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ይመላለሳል። ተማሪዎቹ «አይቀመጤ» ያሉት ወደው አይደለም። ሥራው በየገጠሩ እየዞረ አይጥ አጥፊዎችን ማሠልጠን ነው። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ መሪ ከጨበጠ ሁለታችንንም ይጨርሰናል። የሚገርመኝ፣ ይህ ቀልቡ የማያርፍ ሰው የሚያስተምረው ትዕግሥትን መሆኑ ነው።

ባለፈው ያሠለጠነው አንድ ትልቅ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣሪያው ሥር፣ አግዳሚው እንጨት ላይ፣ አንዲት ጉጉት ሦስት ጫጩቶች ፈልፍላለች። አይጥ መርዝ ቢበላ ወዲያው አይሞትም፤ ፈዞ ሲንከላወስ ጉጉቷ ትይዘዋለች፣ መርዙም ለእሷና ለልጆቿ ይተርፋል። ስለዚህ ባሌ «እዚህ መርዝ አይገባም፤ ወጥመድ ብቻ» አለ። ወጥመዱም ቢሆን ወዲያው አይጠመድም። አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል፤ እስኪለምድ ድረስ ወጥመዱን ሳያጠምዱ እህል እያኖሩ ያበሉታል።

ይህን መታገሥ ያቃታት ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ የታላቅ እህቱ ልጅ ናት። ጎበዝ ተማሪ ነች፣ ግን የአጎቷ ደም አለባት። የመጋዘኑ ባለቤት ጠዋት ጠዋት ባዶዎቹን ወጥመዶች እያየ «አይጥ ልታጠፉ ነው ወይስ ልትቀልቡ የመጣችሁት?» እያለ ሲያሾፍባት እልህ ያዛት። ለሌላ ቦታ መኪናችን ውስጥ ካስቀመጥነው፣ ሰማያዊ ቀለም ከተነከረው የመርዝ እህል ወስዳ ከጆንያዎቹ ጀርባ በተነች።

በማግስቱ ራሷ መጥታ ነገረችን። ፊቷ አመድ መስሏል። ባሌ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሁላችንም ተንበርክከን ፍሬ በፍሬ ለቀምን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ፣ የኛ ግን ከዚያም ባሰ፤ አይጦቹ የበሉትን ማን ይለቅመዋል?

ጉጉቷ ያን ቀን ጎጆዋ ላይ አልነበረችም። ባሌ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ ሲመላለስ ዋለ። እኔም «ምነው በመጣች» እያልኩ ደጅ ደጁን አያለሁ። ሲመሻሽ በጣሪያው ቀዳዳ ገባች። እፎይ ልንል ስንል ጥፍሯ ላይ አይጥ አየን። ባሌ መሰላሉን እንዴት እንደወጣው አላውቅም፤ አይጡን ከትልቁ ጫጩት አፍ መንጭቆ ወረደ። ሆዱን በስለት ሲከፍተው ውስጡ ሰማያዊ ነበር።

ተመልሶ ወጣና ጫጩቶቹን በካርቶን አወረዳቸው። እናቲቱን ማዳን ግን አልቻልንም፤ ቀድማ የተመረዘ አይጥ በልታ ኖሯል፤ ብዙም ሳይቆይ ጎጆዋ ሥር ወድቃ አገኘናት። አለቀስኩ። በወፍ የማለቅስ ሴት አልነበርኩም።

የእህቱ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ልሂድ መሰለኝ።»

«የት ነው የምትሄጂው? እነዚህን ማን ያበላቸዋል?»

ሻንጣዋን አስቀመጠች። አይጥ ልታጠፋ የመጣች ልጅ ለጉጉት ልጆች አይጥ ፈላጊ ሆነች። መርዝ ወዳልደረሰበት፣ ራቅ ወዳለ ጎተራ ሄዳ ወጥመዶቿን ደረደረች፤ ሳታጠምድ እህል አኖረችባቸው። ለጫጩቶቹም ከሉካንዳ የሥጋ ቁርጥራጭ እየገዛች ታጎርሳቸው ጀመር። ባሌ ግን «ሥጋ ብቻ አያጠነክራቸውም፤ አይጡን ከነጠጉሩ ከነአጥንቱ ካልዋጡ አይሆንም» እያለ እንቅልፍ አጣ፤ እኔንም ነሳኝ።

አንድ ጠዋት አላስችል ቢለው ጎተራው ድረስ ወሰድኩት። እሷ አጎንብሳ እህል ትጨምራለች።

«በይ አሁን አጥምጂው» አላት። «ትንሹ እየደከመ ነው።»

የትንሹን ጫጩት መድከም እሷም ስታጎርሰው አይታለች። እጇን ወደ ወጥመዱ ዘርግታ መለሰችው።

«አይሆንም ጋሼ። አይጦቹ ገና እየፈሩ ነው የሚበሉት። ዛሬ ባጠምድ አንዱን ይዤ ሌላው ይሸሸኛል፤ ሦስቱም ጫጩቶች ይራባሉ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ።»

ባሌ ወደ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እኔን አየኝ።

«ቁጭ ይበሉ» አለችው፣ ባዶ ጆንያ አንጥፋ።

ቁጭ አለ።