ግድግዳ የሌለው መስኮት

አሮጊትን ዝም ለማሰኘት ሁለት መንገድ አለ፤ መቆጣትና ማክበር። የእትዬ ዚግዛግ ቤተሰብ ጨዋ ነውና አከበራት። አሮጌው ቤቷ ፈርሶ በዚያው ቦታ የአዲሱ ቤት ቋሚና አግዳሚ መመታት ሲጀምር፣ እንጨቱ ክምር አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር አኖሩላትና «አንቺ አረፍ ብለሽ እንጨቱን ጠብቂልን» አሏት። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው እብስ አለ።

እትዬ ዚግዛግ ልብስ ሰፊ ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ የሷ የዚግዛግ ስፌት የገባበት ልብስ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም። ዕድሜዋን የገፋችው በአሮጌው ቤት የመንገድ መስኮት ሥር፣ በእግር በምትረግጠው የብረት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የተቀደደ ኪስ፣ ከሠርጉ ቀን በፊት የጠበበ ቀሚስ፣ ሁሉም በዚያች መስኮት ገብቶ በዚያችው ወጥቷል። ባሏ በሕይወት ሳለ «ይቺ መኪና በጩኸቷ ትገድለኛለች» ይል ነበር። እሱ ሞተ፣ መኪናዋ እስካሁን ትጮሃለች።

የበኩር ልጇን ቤተሰቡ በሙሉ «ሊቀመንበሩ» ይለዋል። ምሳ እንኳ ሲቀርብ «አጀንዳችን ምንድን ነው?» ሳይል እጁን አይታጠብም። ስለ ቤቱ ስብሰባ ጠራ፤ እናቱን ግን እንዳትደክም ብሎ አልጠራትም። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። የእናት ክፍል በጓሮ በኩል፣ ከጎረቤት አጥር ጋር ፊት ለፊት። የስፌት መኪናዋ ዕቃ ቤት። በመንገዱ በኩል ደግሞ ሳሎን፤ መስኮት የሌለው ሳሎን፤ ምክንያቱም ፀሐይ ከገባ ቴሌቪዥኑ በደንብ አይታይም። እናት ወደ ጓሮ፣ ቴሌቪዥን ወደ ፊት። ይህ ነው እንግዲህ እድገት የሚባለው።

ውሳኔው ሲነበብላት «ደክሞኛል ያላችሁ ማነው?» አለች።

«እማዬ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» አለ ሊቀመንበሩ።

እሷም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እንጨት ጠበቀች። አፏን ዘግታ ዓይኗን ከፈተች።

አናጢውን ሠራተኞቹ «አይነቀልም» ይሉታል። አንዴ ሚስማር ከመታ፣ አማላጅ ቢመጣ፣ ሰማይ ቢደፋ፣ ወይ ፍንክች! ምራቷ፣ የሊቀመንበሩ ሚስት፣ ከሥራ ስትመለስ የኩሽናዋ በር በቀኝ በኩል ቆሞ አገኘችው።

«በግራ ነው እኮ ያልኩህ!»

«የኔ እመቤት፣ ሲመታ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ፣ ቢሮ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ እዚህ ነበርኩ። የመታሁትን አልነቅልም።»

ምራት ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም ለባሏ ደውላ አለቀሰች። በሩ በቀኝ ቀረ። እትዬ ዚግዛግ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ መርፌዋ አየር ላይ ቆመ። ሲመታ የት ነበሩ? ከዚህ ሁሉ የተማረ ሰው መሃል፣ ቀኑን ሙሉ እዚህ የሚገኝ ማነው? እንጨት ጠባቂዋ!

በመንገዱ በኩል ያሉት ቋሚዎች በቆሙ ማግስት፣ ቤተሰቡ ወደ ሥራ ሲበተን ባለጋሪውን ጠራች። የብረት መኪናዋን ቤቱ እስኪያልቅ ከተጠጉበት የኪራይ ቤት አስመጥታ በሁለት ቋሚዎች መሃል፣ ፊቷን ወደ መንገድ አድርጋ አስተከለችና መርገጥ ጀመረች።

አይነቀልም አግዳሚውን ተሸክሞ መጣ። «እማማ፣ እዚህ ጋ ልመታ ነው፤ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

«ምታ፣ ማን ከለከለህ? ከመኪናዬ በታች አንድ ምታ፣ ከራሴ በላይ አንድ ምታ።»

«መሃሉስ?»

«መሃሉ መስኮት ነው።»

«ልጅዎ መስኮት አላለም።»

«ልጄ የት አለ?»

አናጢው ግራ ቀኙን አየ። «ሥራ ላይ።»

«እኔስ የት ነኝ?»

«እማማ፣ ከሰውየው ጋር ሊያጣሉኝ ነው!»

«አንተን የቀጠረህ እሱ ነው፣ የቆምክበት መሬት ግን የኔ ነው። መምታት ካቃተህ መዶሻውን ወዲህ በል።»

አይነቀልም እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፤ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ከዚያ በኋላ የተሰማው መዶሻና መኪና ብቻ ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተቀበለ። አመሻሹ ላይ የመስኮቱ መቃን ቀጥ ብሎ ቆመ። ግራ ቀኙ ግድግዳ የለ፣ ከላይ ጣሪያ የለ፤ መስኮት ግን አለ።

ሊቀመንበሩ መጣ። አየ። ደሙ ፈላ።

«ይሄ ምንድን ነው? ማን ፈቀደ?»

«ስብሰባ ተደርጎ ነበር» አለች እናቱ፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ። «በሙሉ ድምፅ አለፈ።»

«እነማን ተገኙ?»

«እኔ። አንተን እንዳትደክም ብዬ አልጠራሁህም።»

«ቴሌቪዥኑስ?»

«ጓሮ ሰላም ነው ስትሉኝ አልነበር? እዚያ ይረፍ።»

ወደ አናጢው ዞረ። «ንቀለው!»

«ጌታዬ፣ ሲመታ የት ነበሩ?»

ሊቀመንበሩ ጉጠቱን ከአናጢው እጅ መነጨቀ። ከነቢሮ ሱሪው የታችኛው አግዳሚ ላይ ወጣና ሚስማሩን ለቀም አድርጎ ሳበ። የአይነቀልም ሚስማር ስብሰባ አያውቅም። ሳበ፣ ላበው፣ ተንጠራራ፤ እግሩ አዳለጠና ሲወርድ ሱሪው ጎን ያለው ሚስማር ላይ ቀረ። ትርርር! ከወገብ እስከ ጭን። የመንገዱ ሰው ቆመ። ሊቀመንበሩ በሁለት እጁ ኋላውን ያዘ፤ አጀንዳው ጠፋበት።

«ና ልስፋልህ» አለች እናቱ፣ መርፌዋ ላይ ክር እየሰካች።

በቋሚዎቹ መሃል ሊሾልክ ሲል እጇን ዘረጋች። «በዚያ አይደለም። ደንበኛ በመስኮት ነው።»

«እማዬ፣ ግድግዳው እኮ ገና አልተሠራም!»

«መስኮቱ ግን ተሠርቷል።»

ሰውየው መንገዱን አየ፣ አናጢውን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ዞሮ በመንገዱ በኩል መጣና ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆመ፤ ልክ ዩኒፎርሙ እንደተቀደደበት ተማሪ። እሷም በመቃኑ ውስጥ እጇን አውጥታ ጨርቁን ጨምድዳ ያዘች።

«ቀጥ በል» አለችው። «ከተጣመመ እንደተጣመመ ይቀራል። የሰፋሁትን አልፈታም።»