መጠበቅ በእንግሊዝኛ

ዲንሳ ሲግናል ሰፈር አጠገብ የአንዲት እንግሊዛዊት ነርስ ግቢ ዘበኛ ነበር። አባቱ የካ ውስጥ ገብስ ያርሱበት የነበረው መሬት ቤት ሲሠራበት፣ እሱ በር መጠበቅ ጀመረ። እንግሊዝኛ ከነርሷ ከሚስ ሃርት አፍ እየለቃቀመ ይማር ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ክረምት ግን አንዲት ቃል አሳሳተችው።

ሚስ ሃርት አንድ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትወጣ፣ በተሰባበረ አማርኛ «ዛሬ አንድ ዶክተር ኤክስፔክት አደርጋለሁ» አለችው። ዲንሳ የቃሉን ትርጉም ባለሱቁን ሀሚድን ሲጠይቀው «መጠበቅ ነው» አለው። ዲንሳም አስፋልቱ ዳር ወርዶ ዝናብ እየመታው ቆመ። ዶክተሩ በሌላ መንገድ መጥቶ፣ ዘበኛ ቢያጣ የመኪናውን ጡሩንባ ነፍቶ ነፍቶ ሄደ።

«መንገድ ላይ ቁም ያለህ ማን ነው?» አለችው ሚስ ሃርት ማታ።

«እርስዎ ነዎት! ጠብቅ ብለውኝ የለ?»

«ኤክስፔክት አልኩ እንጂ ዌይት መቼ አልኩ?» ሳቀችና ፎጣ ሰጠችው።

ዲንሳ አልተቀየመም፤ ነገሩ ግን ከነከነው። ሳይጠብቁ መጠበቅ አለ እንዴ?

ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሄዶ ወጣቱን መምህር ወልደ ሐዋርያትን ጠየቀው።

«ዌይት ማለት ጋሼ ዲንሳ፣ ቆመውም ተቀምጠውም የሚመጣውን መጠበቅ ነው። ኤክስፔክት ግን ሐሳብ ነው፤ ይመጣል ብሎ ማሰብ። ሥራዎን እየሠሩም ይሆናል።»

«በኦሮምኛም በአማርኛም አንድ ቃል ነው፤ ሰውም ከብትም ይጠበቅበታል። ታዲያ እኔ የተቀጠርኩት በየትኛው ነው?»

«በሌላ፤ እርስዎ ጋርድ ነዎት፣ ዘበኛ!» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ሳምንቱን ሙሉ ሰውን በሁለቱ ቃላት ሲለይ ሰነበተ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆሙት ዌይት ናቸው። እሸቱን የሚያይ ገበሬ ኤክስፔክት ነው። እንቁላሏን የታቀፈችውን ዶሮ ግን የት እንደሚመድባት አጣ።

እሑድ ከሚስቱ ከጂቱ ጋር ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲወርዱ አላስችል አለው። ወንድሟ ፉፋ ዓምና ኮንጎ ዘምቶ፣ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ ቀርቶ ነበር።

«ጂቱ፣ ፉፋን የምትጠብቂው እንዴት ነው?» አለና ሁለቱን ቃላት አስረዳት።

ጂቱ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ዲንሳ ደነገጠ።

«መጀመሪያ መኪና በቆመ ቁጥር እወጣ ነበር» አለች። «አሁን አልወጣም።»

«ይመጣል ብለሽስ ታስቢያለሽ?»

«አላስብም።»

«ታዲያ ተስፋ ቆረጥሽ?»

«አልቆረጥኩም። ፈረንጆቹ ይህን ምን ይሉታል?»

ዲንሳ በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩን ጠይቆ መጣና «ሆፕ ነው፤ ተስፋ» አላት።

«ሆፕ» አለች ጂቱ ቀስ ብላ። «አጭር ናት።»

መስከረም ላይ፣ ዲንሳ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ አንድ የከሳ ወታደር ደጁን አንኳኳ። ፉፋ ነበር፤ በወባ ታሞ ወራት ሙሉ ሆስፒታል ተኝቶ ኖሯል። ጂቱ ለእንጨት እንጦጦ ወጥታ ስለነበር ዲንሳ ዳገቱን እየሮጠ ወጣ። ባሕር ዛፉ መሀል ጎንበስ ብላ ሸክሟን ይዛ ስትወርድ አገኛት።

«ፉፋ ቤት ነው!» አላት ገና ከሩቅ።

ጂቱ ሸክሙን ከጀርባዋ ጥላ ቁልቁለቱን ሮጠች። ዲንሳ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እንጨቱን በጀርባው አዘለው። መንገደኞች ዞር እያሉ አዩት፤ ወንድ እንጨት አዝሎ አይተው አያውቁም። ቤት ሲደርስ ጂቱ ለብ ባለ ውሃ የወንድሟን እግር እያጠበች ነበር።