በሠርግ ካርቶን ላይ የታተመው የለቅሶ ሙዳይ

ከወሎ ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ለቡ መብራት ኃይል ካለው ማሸጊያ ቤት ካርቶን አጣፊ ሆኜ ስገባ፣ ያረጀ ወረቀት ተፈጭቶ እንደገና ካርቶን መሆኑን ወድጄው ነበር። ፌስታል ይቅር ከተባለ ወዲህ ደግሞ ሥራው በዛልን።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሀና ማርያምን ተሳልሜ ገባሁ። የመጀመሪያውን የሠርግ ጣፋጭ ካርቶን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ክዳኑ ላይ እናቴ ሙዳይ ላይ የምትሰፋው ጌጥ ታትሟል። ጥቁር ቀለበት ነው፤ ዙሪያውን ዞሮ ሊገጥም ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ሌላ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ መንደር ግን ያ ክፍተት የሚተወው ለቅሶ ቤት ንፍሮ በሚወሰድበት ሙዳይ ላይ ብቻ ነው። ሰው ጎድሏል ማለት ነው።

"ከድሮ ፎቶ ነው ያገኘሁት፣ እትዬ። አያምርም?" አለችኝ ንድፉን የሠራችው ልጅ።

"ያምራል። ግን የለቅሶ ነው። ሙሽራዋን ለቅሶ ልታስይዟት ነው?"

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። አለቃችንን ጠራችው።

"ሙሽሮቹ እኮ ያንቺው አገር ልጆች ናቸው። የአገራችን ጌጥ ይሁንልን ያሉት እነሱ ናቸው፤ ከሰዓት ይወስዱታል። እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ።

እርግጠኛ ነበርኩ። ቢሆንም ሳላጣራ መናገር ስለምፈራ እናቴ ጋ ደወልኩና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"እማዬ፣ ያልገጠመው ሙዳይ ሠርግ ቤት ይገባል?"

"አንቺ ደግሞ፣ ማን ሰፍቶት! የዛሬ ልጆች መች ያውቁታል። ለቅሶም የምንሄደው በፌስታል ነው።"

"ንፍሮው በፌስታል?"

"ቋጥረን ነዋ።"

ማሽኑ ቆሞ ስለነበር ሁሉም ሰማ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አለቃችን ግን እፎይ አለ።

"በቃ፣ የሚያውቀው ከሌለ የቀረውም ይታተም።"

"ማነው እሱ?" አለች እናቴ።

"አለቃዬ ነው።"

"እኔ አውቀዋለሁ በይው። አንቺም የእኔ ቀን ሲደርስ በፌስታል እንዳትመጪብኝ።" ስልኩን ዘጋችው።

አለቃችን ካርቶኑን ሲያገላብጥ ቆየና፣ "ቀለበቱን ግጠሚው። ለደንበኞቹ እኔ እደውላለሁ" አላት ልጅቷን። ወዲያው በኮምፒውተሯ ገጠመችው።

የተበላሸውን ለመፍጫ ስከምር፣ ሳላስበው አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንዳስቀረሁት የገባኝ ታክሲ ውስጥ የእናቴን ቃል ሳስታውስ ነው። አማተብኩ።