የአናጢው አፍንጫና የባሕር ዛፉ ድስት

የሚፈላ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ፣ ያኔ ድሮ፣ ወደዚያ ቤት የሚገባውን ሰው ገና ከደጃፉ ይቀበለው ነበር። አናጢው ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲልግ ውሎ፣ አፍንጫውን ሰጋቱራ ደፍኖት ሲመጣ፣ ሚስቱ ድስቱን አውርዳ ብርድ ልብሱን ዘርግታ ትጠብቀዋለች።

«ግባ እንግዲህ፣ አታስለምነኝ!»

ከድስቱ ጋር ብርድ ልብሱ ሥር ይገባል። ያልበዋል፤ ዐይኑ ያነባል።

«ተከፈተልህ?»

«ወለል ነው ያለልኝ፣ የኔ እመቤት!» ይልና እንደተደፈነ ሄዶ ይተኛል። እሷም የእሱን ምስክርነት ይዛ ሰፈሩን በሙሉ አጠነችው። ጉንፋን የያዘው ሁሉ እሷን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

አንድ ቀን አንዱ ጎረቤት ድስቱ ላይ አጎንብሶ ግንባሩ ተለበለበ። የአፍንጫ ሐኪም ቤት ነርስ የሆነችው የወንድሟ ልጅ ይህን ብትሰማ «አክስቴ፣ ይቅርብሽ» ማለት አበዛች። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ተወራረዱ።

ልጅቱ ከሐኪም ቤቱ ጣፋጭ ቅንጣት አመጣች። አፍንጫ ውስጥ ስትቀመጥ ንፍጡ ቀስ እያለ ወደ ጉሮሮ ይወስዳታል፤ ያን ጊዜ አፍ ይጣፍጣል። አናጢው ታጥኖ ሲሞከር፣ ሳይታጠን ከሚፈጅበት ጊዜ ቀድሞ ከጣፈጠው፣ ቅጠሉ ንፍጥ ያስኬዳል ማለት ነው። ካልሆነ አክስት ሰው ማጠኗን ትተዋለች።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሳይታጠን፣ አናጢው እስኪጣፍጠው እንደ ሙሽራ ተገትሮ ብዙ ጠበቀ። በማግስቱ ከብርድ ልብሱ ሥር እንደ ቲማቲም ቀልቶ ሲወጣ ግን የሚስቱን ፊት ሰረቅ አድርጎ አየ። ማጠን ለሚስቱ እንጀራዋ አይደለም፤ ክብሯ ነው።

ልጅቱ ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ጫፍ አፍንጫውን ነካ አደረገችው።

«ጣፈጠኝ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ማር ነው፣ ማር!»

ሚስቱ አጨበጨበች። ልጅቱ ሳቋ አመለጣት።

«ጋሼ፣ ገና እየጠረግሁልዎ እኮ ነው! ቅንጣቷ ይቻትና» ብላ መዳፏን ዘረጋች።



«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ‘ወለል አለልኝ’ ስትለኝ…»

«ቀዝቀዝ ያደርጋል እኮ… አፍንጫዬን መከፈት መከፈት ይለዋል።»

«መከፈት መከፈት!»

«እውነቱን ነው፣ አክስቴ» ብላ ልጅቱ ገባችበት። «ሽታው የተከፈተ ያስመስላል። ንፍጡ መሄድ አለመሄዱ ሌላ ነው፤ እሱን ለማወቅ ነበር ድካማችን።»

«እንግዲያማ አልታወቀም! ምስክሩ ቀጣፊ ሆኖ ምን ውርርድ አለ?» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተን ግን ሁለተኛ አላጥንህም!»

አናጢው ይህን ቃል ስንት ዓመት ሲመኝ ኖሮ፣ አሁን ሲሰማው ሆዱ ባባ።

«እንዴ፣ እኔን ትተሽ ማንን?»

ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት አስነጠሰ።

ሴትየዋ ጆሮዋን አቀናች። ድስቱን በጨርቅ ይዛ፣ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ደህና ሁኑም ሳትል ወጣች።