በሊቀመንበሩ ዓይን ያየኋት ነብር

ኅዳር ነበር። ማሽላው ተቆርጦ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ጭሮን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፤ ዘመኑም የደርግ። እናንተ ልጆች የአደን ወሬ ያጫውቱን ስትሉኝ ጀግንነት ፈልጋችሁ ነው። እኔ ግን ያቺን ነብር ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ንዴቴን ትሰማላችሁ።

ከሂርና ወዲህ፣ ከመኪናው መንገድ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነብሯ ፍየል ትወስድ ነበር። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ከሩቅ ሆኖ በክላሹ አርከፈከፈባትና የኋላ እግሯን አቆሰላት። ደሟን ተከትሎ መጨረስ ሲገባው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ተመልሶም ገድያት ገደል ገባች ብሎ አወራ፤ ሰውም አመነው። ብዙም ሳይቆይ የወዳጄ የአብዶሽ ሚስት ዘይነባ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ሞታለች የተባለችው ነብር ምንጩ አጠገብ ክንዷን ቦጨቀቻት። የቆሰለ አውሬ ሜዳ ላይ ጥሎ ይኬዳል? አሁንም ሳወራው ደሜ ይፈላል።

አብዶሽ ጫት ገበሬ ነው፤ ከእኔ ጋር ብዙ አድኗል። ሚስቱን ሆስፒታል አስተኝቶ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። ሴቶቹ ምንጭ መውረድ ስለፈሩ መንደሩ ውሃ አጥቷል። ምንሽር ጠመንጃዬን አነሳሁና ወጣን። ጓድ ሊቀመንበርም ማን እንደጠራው እንጃ፣ ክላሹን አንግቶ ተከተለን። ውሸቱ እንዳይጋለጥ ሊጠብቅ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወደ ምንጩ የሚወርደው ሸለቆ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቋጥኝ፣ መሃሉ ቁጥቋጦ። አብዶሽ ከፊት ዱካ ያያል፣ እኔ እከተላለሁ፣ ሊቀመንበሩ ከኋላ ነው። አሸዋው በጤዛ ስለረጠበ ዱካው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሦስቱ እግር በደንብ ረግጧል፣ አራተኛው መሬቱን እየጫረ ተጎትቷል። እኔ ግን ዓይኔ ዱካው ላይ ሆኖ ልቤ ከኋላዬ ነበር። ውሸታም። ፈሪ። ሰው ያስበላ። በየእርምጃው እከሰዋለሁ፣ እፈርድበታለሁ፣ ጨርሼ ደግሞ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

አብዶሽ ለካ ደጋግሞ ጠርቶኛል። ወደ እኔ ተመለሰና በሹክሹክታ «ሱታ» አለኝ፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። ከዚያ «ጆሮህ ሞልቷል። ሰውዬው ላይ በኋላ ትፈርዳለህ» አለኝ።

ይባስ ብሎ በእሱም ተናደድኩ። ሚስቱ የተቦጨቀችበት እሱ ሆኖ ሳለ እኔን ዝም ያሰኘኛል? ግን ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ምንጩ ጋ ስንደርስ አብዶሽ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ቁጢጥ ብሎ ደም ማየት ጀመረ። ደሙ ገና አልደረቀም። ድንገት ከኋላዬ የሚሰማኝ የጫማ ድምፅ ጠፋ። ዞር አልኩ። ሊቀመንበሩ ተገትሯል፤ ክላሹ ወደ መሬት ወርዷል። «ፈሪ፣ ሊሮጥ ነው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ላወጣው አፌን ስከፍት የአብዶሽ ቃል ትዝ አለኝ። ይኸው ንዴቴ ደግሞ መጣ፣ እየፈረድኩ ነው አልኩ በልቤ። አልታገልኩትም፣ አልመለስኩለትም፤ እንዲያልፍ ተውኩት። ሲያልፍ ፊቴ የቀረው አንድ ሰውና ሁለት ዓይኖቹ ናቸው። ዓይኖቹም እኔን አያዩም። ከአብዶሽ ራስ በላይ ያያሉ።

የሚያይበትን አየሁ። ነብሯ ቋጥኙ ላይ ደረቷን አስተኝታ ለጥ ብላለች፤ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ይነቃነቃል።

«አብዶሽ፣ እንዳትነሳ» አልኩት። ድምፄ ለራሴም እስኪገርመኝ ድረስ ረጋ ያለ ነበር። ዘለለች፤ አየር ላይ እንዳለች ተኮስኩ። አብዶሽ አጠገብ ወደቀች፤ ጥፍሯ ሽርጡን ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ተረተረው። ሥጋው አልተነካም። የተቀደደውን ሽርጥ በሁለት እጁ ሰብስቦ ይዞ አላህን አመሰገነ።

ሊቀመንበሩ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሬሳዋን በጭነት መኪና አስጭኖ ከተማ ወሰዳት። እግሩን አንገቷ ላይ አድርጎ ፎቶ ተነሳ። በስብሰባም ቆሞ እንዴት እንደገደላት አስረዳ፤ እኛም ከኋላ ተቀምጠን አጨበጨብን። በዚያ ዘመን ማን ደፍሮ ጓድ ዋሽተሃል ይላል? ዘይነባ ክንዷ እስከዛሬ አይታጠፍም። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳን ሄዶ አልጠየቃትም።

ስለዚህ ንዴት ከንቱ ነው ብዬ አላስተምራችሁም። ሰውዬው ውሸታም ነበር፤ ፍርዴ ልክ ነበር። ግን ያቺን ቅጽበት ልክ ነኝ እያልኩ ባሳልፋት ኖሮ አብዶሽ ይሞት ነበር። ፈሪ ብዬው ፊቴን ባዞር ኖሮ ዓይኑ የት እንደሚያይ አላይም ነበር።

አብዶሽ ሽርጡን እንደያዘ ዳገቱን ስንወጣ፣ «አሁንስ ሰውዬውን ይቅር አልከው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አላልኩትም አልኩ። ፍርዴን ምንጩ ጋ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አስቀመጥኩት እንጂ አልጣልኩትም። ስንመለስ አንስቼዋለሁ፤ ይኸው እስከዛሬ ይዤዋለሁ። ማስቀመጥ እንደምችል ግን አውቃለሁ።