በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት

የልጅ ልጄ የማንጎ ሻጭ ሴቶች ማኅበራችንን ድረ ገጽ አድራሻ ስታጸዳ አጠገቧ ነበርኩ። ከጫፉ የተንዘላዘለውን የጥያቄ ምልክትና ቁጥር ሁሉ ቆርጣ «ማንጎ» የሚለውን ብቻ አስቀረች።

«አሁን ፈላጊ ሁሉ በቀላሉ ያገኘናል፣ አያቴ።»

«ኩርሙክ ከተማ ያለችው ደንበኛችን የድሮውን አድራሻ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። እሱን ስትከፍትስ?»

«አልተገኘም ይላታል።»

«እንደ ቀበሌያችን በያ።»

ቀበሌው ቢሮ ሲቀይር በሩ ላይ ወረቀት እንኳ አልለጠፈም። የተዘጋ በር ሳንኳኳ ውዬ፣ በማግስቱ አዲሱን ሳገኘው «ለምን ዘገየሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

«ወረቀት ለጥፊላት» አልኳት።

ሳቀች፤ ግን ድረ ገጹ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። የድሮውን አድራሻ ስንከፍት ራሱ ወደ አዲሱ ወሰደን።

መስመሩን ወረቀት ላይ አስገልብጬ፣ «እናንተም እንዲህ ያለ ለጥፉ» ብዬ ለቀበሌው ሊቀመንበር ወሰድኩለት።

«መዝገብ ቤት አስገቢ» አለኝ።

መዝገብ ቤቱ ወዴት እንደተዛወረ ግን እሱም አያውቅም።